ሳይቆጠር የሚጠፋ ሀብት፦ የየካና የእንጦጦ የዱር ሕይወት በቁጥር ሲመዘን

የአንድ ሀገር የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ይዞታ የሚታወቀው ስንት ዓይነት ዝርያ አለ በሚለው መልስ ብቻ ሳይሆን፣ ከእያንዳንዱ ዝርያ በሕይወት ያሉት ስንት እንደሆኑና ከዓመት ወደ ዓመት እየበዙ ወይስ እያነሱ እንደሚሄዱ በማወቅ ጭምር ነው። ኢትዮጵያ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ብርቅዬ ፍጥረታት እንዳሏት በትምህርት ቤትም በመገናኛ ብዙኃንም በተደጋጋሚ ይነገራል፤ ይሁንና ቁጥራቸው በየጊዜው የሚመዘገብላቸው ጥቂቶች ሲሆኑ፣ የቀሩት «ሞልተዋል» ወይም «እየጠፉ ነው» ከሚል ግምት ባለፈ የሚታወቅላቸው ነገር የለም። በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው የየካ ክፍለ ከተማ፣ ከላዩ ከተዘረጋው የእንጦጦ ተራራ ጋር፣ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው፤ በአንድ በኩል የሀገሪቱን የዕፅዋት ዘር በአደራ የያዘው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚገኘው በዚሁ ክፍለ ከተማ ሲሆን፣ በሌላ በኩል ነዋሪው በየቀኑ የሚያያቸው አንዳንድ አዕዋፍና ዛፎች በዓለም ደረጃ ለጥፋት ከተጋለጡት መካከል ይቆጠራሉ።

የቁጥር ትርጉም

ስለ ዱር እንስሳትና ዕፅዋት ቁጥር ሲነገር ቆጠራው የሚመለከተው ያለ ሰው እንክብካቤ በተፈጥሮ መኖሪያቸው የሚኖሩትንና የሚራቡትን ብቻ ነው፤ በእርሻ የለማ ተክልም ሆነ በአጥር ውስጥ የሚቀለብ እንስሳ በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ልዩነቱን ግልጽ አድርጎ የሚያሳየው ቡና ነው። አረቢካ ቡና በብዙ ሀገሮች እርሻ ላይ ተስፋፍቶ ስለሚገኝ ለጥፋት ተጋልጧል ቢባል ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ጥላ ሥር በራሱ የሚበቅለው የዱር ቡና፣ በደን ምንጣሮና በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት መኖሪያው እየጠበበ እንደሚሄድ ስለታወቀ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአደጋ ላይ ካሉ ዝርያዎች ተራ ተመድቧል። በዚያው ዓመት የታተመ ጥናት በዓለም ላይ ከሚታወቁት 124 የዱር ቡና ዝርያዎች መካከል 60 በመቶ የሚሆኑት ለጥፋት የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። በእርሻ ያለው ቡና በሽታ ወይም ድርቅ ሲገጥመው የመቋቋሚያ ባሕርይ የሚፈለገው ከዱር ዘመዶቹ ስለሆነ፣ የደኑ ቡና መመናመን ውሎ አድሮ የገበሬውን ማሳ የሚነካ ጉዳይ ነው።

ይህን ምደባ የሚያወጣው እ.ኤ.አ. በ1948 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ሲሆን፣ ከ1964 ጀምሮ የሚያዘጋጀው ዝርዝር «ቀይ መዝገብ» ተብሎ ይታወቃል። መዝገቡ ለጥፋት የተጋለጡትን ፍጥረታት በሦስት ደረጃ ይከፍላቸዋል፤ እነርሱም ለአደጋ ተጋላጭ፣ በአደጋ ላይ ያለ እና እጅግ በከፋ አደጋ ላይ ያለ የሚባሉት ናቸው። ደረጃው ከሚወሰንባቸው መለኪያዎች አንዱ ለመራባት የደረሱት ብዛት ሲሆን፣ ግልገሎችና ጫጩቶች፣ ችግኞችም ቢሆኑ፣ ለመራባት እስኪደርሱ ድረስ አይቆጠሩም። ለመራባት የደረሱት ከ1,000 በታች ከሆኑ ዝርያው ለአደጋ ተጋላጭ፣ ከ250 በታች ከሆኑ በአደጋ ላይ ያለ፣ ከ50 በታች ከሆኑ ደግሞ እጅግ በከፋ አደጋ ላይ ያለ ይባላል።

ሁለተኛው መለኪያ የመቀነሱ ፍጥነት ነው። አንድ ዝርያ በ10 ዓመት ወይም በሦስት ትውልድ ጊዜ ውስጥ፣ ከሁለቱ የሚረዝመው ተወስዶ፣ 30፣ 50 ወይም 80 በመቶ ከቀነሰ እንደ መጠኑ ከሦስቱ ደረጃዎች በአንዱ ይመደባል። በዚህ መለኪያ መሠረት በሺዎች የሚቆጠር ዝርያ እንኳ በፍጥነት እየወረደ ከሆነ እጅግ በከፋ አደጋ ላይ ሊመደብ ይችላል፤ በዓይን ሲታይ የበዛ የሚመስል ፍጥረት በመዝገቡ ላይ ከመጨረሻው ደረጃ የሚገኝበት ምክንያትም ይኸው ነው። የመቀነሱን ፍጥነት ለማወቅ ግን ቢያንስ ሁለት፣ ይበልጡንም ብዙ ቆጠራዎች በተለያዩ ዓመታት፣ በአንድ ቦታና በአንድ ዘዴ መካሄድ አለባቸው።

ሦስት ፍጥረታት፣ ሦስት የአቆጣጠር መንገዶች

ቆጠራ ምን ሊያሳይ እንደሚችል የሚያስረዳው ቀዳሚ ምሳሌ በአማራ ክልል በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚኖረው ዋልያ ነው። ዋልያ በገደል ላይ የሚኖር እንስሳ በመሆኑ፣ ቆጣሪዎች ሁሉም በአንድ ሰዓት በተመረጡ የገደል አፋፎች ላይ ቆመው በሩቅ ማያ መነጽር እየተመለከቱ ፆታውንና ዕድሜውን ለይተው ይመዘግባሉ፤ በአንድ ሰዓት የሚቆጥሩትም አንዱ እንስሳ በሁለት ቡድን እንዳይመዘገብ ነው። በዚህ ዓይነት ክትትል በ1960ዎቹ መጨረሻ 150 ገደማ ብቻ የነበሩት ዋልያዎች ከፓርኩ መቋቋም በኋላ ቀስ በቀስ ጨምረው በ2015 ከ800 በላይ መድረሳቸው ታወቀ፤ በ2020ም በቀይ መዝገብ ላይ የነበራቸው ደረጃ ተሻሽሎ ለአደጋ ተጋላጭ ወደሚለው መደብ ተሸጋገሩ። ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ በተካሄደው ቆጠራ ግን ቁጥራቸው ወደ 300 ገደማ መውረዱ ተነገረ። ተከታታይ መዝገብ ባይኖር ኖሮ የግማሽ ምዕተ ዓመት ድካም ፍሬ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ምን ያህል እንደተሸረሸረ በአኃዝ የሚያስረዳ ሰው አይገኝም ነበር።

ሁለተኛው ቀይ ቀበሮ ነው። ይህ እንስሳ በባሌ፣ በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በወሎና በመንዝ ጓሳ ደጋዎች ተበታትኖ የሚኖር ሲሆን፣ ጠቅላላ ቁጥሩ ወደ 500 እንደሚጠጋና ከግማሽ የሚበልጠው በባሌ እንደሚገኝ ይገመታል። ቀይ ቀበሮ የራሱን ክልል ለይቶ በመንጋ ስለሚኖር ተመራማሪዎች መንጋዎቹን አንድ በአንድ በማወቅ ይከታተሏቸዋል። በዚህ ቅርብ ክትትል ምክንያት በ1991 እና 1992፣ ቀጥሎም በ2003 እና 2004 የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን እንደፈጀ ታወቀ፤ የበሽታው ምንጭም ከሰፈር ወደ ደጋው የሚዘልቁ ውሾች መሆናቸው ስለተረጋገጠ ውሾቹንና ቀበሮዎቹን መከተብ ተጀመረ። በ2018 ደግሞ በሥጋ ውስጥ ተደርጎ የሚሰጥ የአፍ ክትባት ለቀይ ቀበሮዎች በመደበኛነት መሰጠት ጀምሯል።

ሦስተኛዋ ለየካ እጅግ የምትቀርበው ናት። ከእንጦጦ ጀርባ በተዘረጋው የሱሉልታ ረግረጋማ ሜዳ በቀደመው ዘመን ትታይ የነበረች፣ ርዝመቷ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ስትበር ክንፏ ላይ ነጭ የሚታይባት የረግረግ ወፍ አለች። ይህች ወፍ በክረምት ወራት ሣሩ ሲረዝም በመካከለኛው ኢትዮጵያ ረግረጎች ጎጆዋን ሠርታ የምትፈለፍል ሲሆን፣ በዓለም ላይ ለመራባት የደረሱት ከ250 እንደማይበልጡና ቁጥራቸውም እየቀነሰ እንደሚሄድ ስለተገመተ በ2013 እጅግ በከፋ አደጋ ላይ ካሉት ጋር ተመድባለች። የሱሉልታ ሜዳ በግጦሽ፣ በውኃ ማንጠፍና በግንባታ ሲጎዳ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለው የበርጋ ረግረግ ዋነኛ መራቢያዋ ሆኖ ቀርቷል፤ በዚያም በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር በመሆን በመራቢያዋ ወቅት ሣሩ እንዳይታጨድና ከብት እንዳይገባበት ሲሠራ ቆይቷል። ወፏ በሣር ውስጥ እየተሹለከለከች ስለምትኖር ለመቁጠር እጅግ አስቸጋሪ ናት፤ በደቡብ አፍሪካም እንደምትራባ የተረጋገጠው በራሱ ፎቶ የሚያነሣ ካሜራ በረግረግ ውስጥ ተተክሎ በ2018 ነው። ከሱሉልታ መጥፋቷ ብዙም ሳይታወቅ ያለፈው መኖሪያዋ በነበረበት ዘመን ቁጥሯን በየዓመቱ የሚመዘግብ ስላልነበረ ነው።

የየካ ሰማይና ጥንብ አንሣዎቹ

በየካ ሰማይ ላይ፣ ከኮተቤ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ረፋድ ላይ ሞቃት አየር ሲነሣ ክንፋቸውን ዘርግተው የሚንሳፈፉት ጥንብ አንሣዎች ለነዋሪው የተለመዱ ከመሆናቸው የተነሣ ለአደጋ የተጋለጡ ናቸው ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። በ2015 ግን አራት የአፍሪካ ጥንብ አንሣ ዝርያዎች በአንድ ጊዜ እጅግ በከፋ አደጋ ላይ ወደሚለው መደብ ሲገቡ፣ በአዲስ አበባ የሚታዩት ትንሿ ቡናማ ጥንብ አንሣ፣ ጀርባው ነጭ የሆነው ትልቁ ጥንብ አንሣና በገደል ላይ የሚፈለፍለው ነቁጣማው ጥንብ አንሣ ከአራቱ መካከል ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት የታተመ አህጉር አቀፍ ጥናት ስምንት የአፍሪካ ጥንብ አንሣ ዝርያዎች በሦስት አሥርት ዓመታት ውስጥ በአማካይ 62 በመቶ መቀነሳቸውን አስታውቋል። ጥናቱ ከ26 ሀገሮች ከሰበሰባቸው ከ7,800 የሚበልጡ የሞት መዝገቦች ውስጥ 61 በመቶው በመርዝ፣ 29 በመቶው ደግሞ ለባህል መድኃኒት ንግድ ሲባል የደረሱ ናቸው።

መርዙ በአብዛኛው ለጥንብ አንሣ ታስቦ አይቀመጥም። አርቢው ከብቱን የበላበትን ጅብ ወይም የከተማ አስተዳደር ባለቤት አልባ ውሻን ለመግደል በሥጋ ላይ የሚነሰንሰው መርዝ፣ ያንኑ ሥጋ ወይም የሞተውን እንስሳ ሊበላ የሚወርደውን ጥንብ አንሣ ይገድላል፤ አእዋፉ በመንጋ ስለሚመገቡም አንድ የተመረዘ ጥንብ ብዙዎችን በአንድ ቀን ሊጨርስ ይችላል። ትልልቆቹ ጥንብ አንሣዎች በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ የሚጥሉና ለመራባት አምስት ዓመት ያህል የሚወስድባቸው በመሆናቸው የአንድ ቀን ጥፋት ለብዙ ዓመታት አይተካም።

የጥንብ አንሣዎች መጥፋት የሚያስከትለውን ጉዳት የደቡብ እስያ ልምድ ያሳያል። በ1980ዎቹ በህንድ ከተሞች በብዛታቸው የታወቁት ሦስት የጥንብ አንሣ ዝርያዎች በአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ውስጥ ከ97 እስከ 99.9 በመቶ ጠፉ፤ ምክንያቱ ለከብት ሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ የተባለው መድኃኒት በበድኑ ውስጥ ቀርቶ የአእዋፉን ኩላሊት ማበላሸቱ እንደሆነ በ2004 ተደረሰበት፤ በ2006ም ህንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል መድኃኒቱን ለከብት እንዳይውል ከለከሉ። በዚያ መካከል ጥንቡን የወረሱት ውሾች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሆኑ፤ በ2008 የወጣ ጥናትም በህንድ ከ1992 እስከ 2006 በእብድ ውሻ በሽታ ምክንያት ከ47 ሺ በላይ ተጨማሪ ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል።

በኢትዮጵያም ከ2014 እስከ 2019 በስድስት ቄራዎች ላይ የተካሄደ ክትትል ትልልቆቹ ጥንብ አንሣዎች በፍጥነት ሲቀንሱ ውሾች መብዛታቸውን አሳይቷል። ይህ ውጤት ለየካ ነዋሪ ሁለት ነገር ይነግረዋል፤ አንደኛው ጥንብ አንሣ የማያነሣው የቄራ ተረፈ ምርትና የሞተ ከብት ለውሻ እንደሚተርፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው የውሻ መብዛት በከተማ ልጆች ላይም ሆነ በደጋው ቀይ ቀበሮ ላይ የሚደርሰውን የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት እንደሚያሰፋ ነው። የአንዱ ፍጥረት ቁጥር ሲወርድ የሌላው መዝገብ ላይ ምልክቱን ይተዋልና ቆጠራው አንድ ዝርያን ብቻ ለይቶ መያዝ አይበቃውም።

ዛፍ ሲቆጠር

የእንጦጦ ታሪክ የዕፅዋት ቁጥር እንዴት እንደሚለወጥ ያስተምራል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ መጀመሪያ መቀመጫቸውን በእንጦጦ ባደረጉበት ጊዜ ተራራው የጥድ፣ የወይራና የኮሶ ዛፎች ነበሩበት፤ በ1886 አዲስ አበባ ተቆርቁራ ስትሰፋ ግን ለቤት መሥሪያና ለማገዶ የሚቆረጠው እንጨት ደኑን በፍጥነት አራቆተው። ችግሩ እየከፋ ሲሄድ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ማዛወር ታስቦ ነበር፤ በ1890ዎቹ አጋማሽ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በፍጥነት በማደጉ ከተማዋ ባለችበት ጸናች። ባሕር ዛፍ ለከተማዋ ማገዶና ለብዙ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች የዕለት ጉርስ ሆኖ አገልግሏል፤ ሆኖም ተራራው ከሩቅ አረንጓዴ ሆኖ መታየቱ የሀገር በቀሎቹ ዛፎች ቁጥር መመናመኑን ሸፍኖታል። በደን ሽፋን ብቻ የሚለካ ሰው በእንጦጦ ደን አለ ብሎ ይመዘግባል፤ ዝርያ ለይቶ የሚቆጥር ግን የተለየ መልስ ያገኛል።

ዛፍን መቁጠር ግንድ ከመቁጠር የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የዕፅዋት ተመራማሪዎች በደኑ ውስጥ መጠናቸው እኩል የሆኑ የናሙና ቦታዎችን ለክተው፣ በውስጣቸው ያለውን ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ችግኝ በውፍረቱና በቁመቱ ለይተው ይመዘግባሉ። ትልልቅ ዛፎች ብቻ ተገኝተው ችግኝ ከጠፋ፣ ዝርያው ዛሬ ብዙ ቢመስልም እየተተካ እንዳልሆነ ይታወቃል። ኮሶ በዚህ ረገድ ልዩ ትኩረት ይሻል፤ የኮሶ ዛፍ ወንዴና ሴቴ ለየብቻ ስለሆኑ በአንድ ሸንተረር ላይ ብቻዋን የቀረች ሴቴ ኮሶ በአቅራቢያዋ ወንዴ ከሌለ ዘር አትሰጥም። እንዲህ ያለችው ዛፍ በግንድ ቆጠራ አንድ ተብላ ብትመዘገብም ለዝርያው ቀጣይነት የምትሰጠው አስተዋጽኦ የለም። ጥቁር እንጨት የሚባለው የደጋ ዛፍ ደግሞ ልጡ ለወንዶች የፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት መሥሪያ በመፈለጉ በብዙ የአፍሪካ ሀገሮች ተልጦ ስለተጎዳ በቀይ መዝገብ ለአደጋ ተጋላጭ ተብሏል፤ ንግዱም ከ1995 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል።

እነዚህን ዝርያዎች ለይቶ ለመቁጠር በመጀመሪያ ስማቸውና መልካቸው በትክክል መታወቅ ነበረበት። ይህን መሠረት የጣለው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ዕፀ ቤት ማዕከልነት ከ1980 እስከ 2009 የተዘጋጀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ ሲሆን፣ ስምንት ቅጽ ያለው ይህ ሥራ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን ይዟል፤ ከእነርሱም አሥር በመቶ ያህሉ በእነዚህ ሀገሮች ብቻ የሚገኙ ናቸው። በእንጦጦም የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር ከ1995 ጀምሮ 1,300 ሔክታር ገደማ በሚሸፍነው የእንጦጦ የተፈጥሮ ፓርክ ባሕር ዛፉን በጥድ፣ በወይራ፣ በኮሶና በመሳሰሉት ሲተካ ቆይቷል። በስተ ምዕራብ የሚዋሰነው ባለ 705 ሔክታሩ የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል፣ በየካ ውስጥም ዛፎቻቸው ከመቶ ዓመት በላይ ሳይመነጠሩ የቆዩት የእንግሊዝና የፈረንሳይ ኤምባሲዎች ሰፋፊ ግቢዎች ለሀገር በቀል ዛፎችና ለደጋ አእዋፍ መጠጊያ ሆነዋል።

የዘር ባንክና የዱር መኖሪያ

በ1976 የዕፅዋት ዘረመል ሀብት ማዕከል ተብሎ የተመሠረተው የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በየካ በሚገኘው ጂን ባንኩ ከመላ ሀገሪቱ የተሰበሰቡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የዘር ናሙናዎችን በቅዝቃዜ ያቆያል። ይህ ሥራ እጅግ ከፍ ያለ ዋጋ አለው፤ ቢሆንም የዱር ቁጥርን አይተካም። በማቀዝቀዣ ያለ ዘር በገባበት ቀን የነበረውን ባሕርይ ይዞ ይቆያል፤ በደን ያለው ግን ከበሽታ፣ ከነፍሳትና ከአየር ንብረት ጋር እየታገለ በየትውልዱ ራሱን ያስተካክላል። በተጨማሪም የቡና ፍሬ ደርቆና ቀዝቅዞ ለረጅም ጊዜ ስለማይቆይ፣ ኢንስቲትዩቱ ቡናን ማቆየት የቻለው በጅማ አካባቢ በጮጬ መሬት ላይ ተክሎ ነው። ስለዚህ ዘር ማከማቸትና በዱር ያለውን መጠበቅ ጎን ለጎን ካልሄዱ አንዱ የሌላውን ክፍተት አይሞላም።

ለየካ የሚስማማ ቆጠራ

ከእነዚህ ምሳሌዎች የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው፤ የተቆጠረ ፍጥረት ሲቀንስ የሚጠይቅለት ያገኛል፣ ያልተቆጠረው ግን ከጠፋ በኋላ ብቻ ይታወሳል። እንጦጦ በዚህ ረገድ የታደለ ቦታ ነው፤ ከሰሜን ተራሮች በተለየ ዩኒቨርሲቲው፣ ኢንስቲትዩቱ፣ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበሩ የሚገኙት በእግሩ ሥር ነው፤ በ2020 የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም ብዙ ሕዝብ ወደ ተራራው እንዲወጣ በር ከፍቷል። የሚያስፈልገው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በተወሰነ ቀንና ሰዓት፣ ከየካ ሚካኤል አካባቢ ኮረብታ አንሥቶ እስከ እንጦጦ ራስ ባሉ ቋሚ ቦታዎች ላይ ቆሞ ጥንብ አንሣዎችን በየዝርያቸው መመዝገብ፣ በየቄራውም ያንኑ በአንድ ቀን ማድረግ ነው፤ አእዋፉ በአንድ ቀን ረጅም ርቀት ስለሚበሩ ቆጠራው በአንድ ጊዜ ካልሆነ አንዱ አሞራ በሁለት ሰፈር ይቆጠራል። በተመሳሳይም በተራራው ላይ ቋሚ የናሙና ቦታዎችን ተክሎ የጥድ፣ የወይራና የኮሶ ችግኞችን በየአምስት ዓመቱ መቁጠር፣ በተለይም የተተከሉትን ሳይሆን ከዛፉ ሥር በራሳቸው የበቀሉትን ለይቶ መያዝ፣ መልሶ የተተከለው ደን በእርግጥ ዱር መሆን አለመሆኑን ያሳያል።

በየዓመቱ በሚካሄደው የችግኝ ተከላ የሚነገረው አኃዝ የተተከለውን የሚገልጽ ነው፤ የጸደቀውንና ዘር ሰጥቶ የተተካውን የሚገልጸው አኃዝ ግን ከዚያ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። የየካ ትምህርት ቤቶች የሥነ ሕይወት ክበባት በመምህራንና በባለሙያዎች እየተመሩ ይህን መዝገብ ቢይዙ፣ ዛሬ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የጻፈው ቁጥር ከሃያ ዓመት በኋላ የሚነጻጸርበት መነሻ ይሆናል። የሱሉልታዋ ወፍ ያጣችው እንዲህ ያለውን መነሻ ነበር፤ በየካ ሰማይ ላይ ላሉት ጥንብ አንሣዎችና በእንጦጦ ላይ ላሉት ኮሶዎች ግን መዝገቡን ለመጀመር ጊዜው አላለፈም። ከቆጠራው ጋር መርዝ በሜዳ መጣል ከቀረ፣ የሞተ ከብትና የቄራ ተረፈ ምርት በሥርዓት ከተወገደ፣ ውሾችም በወቅቱ ከተከተቡ፣ ቁጥሩ መሻሻሉን የሚያረጋግጠው ያው መዝገብ ይሆናል።